በረዶ መታው ያልኩት አበባ

ባለሱቁ ኑሪ ይሄን ወሬ ከኢምፔሪያል አስነስቶ አያት አድርሶታል። እሱ ሲያወራው እኔ ብሩክታይት የጎረቤቴን አበባ በቅናት መርዝ ያጠጣሁ ነው የምመስለው። ስንት ዓመት የሰው ወሬ ሳዞር ኖሬ የራሴን ለኑሪ አልተውለትም። እኔው ልናገረው፤ ብጨምርም ትንሽ ነው የምጨምረው።

አለም የአጥር ጎረቤቴ ናት። ገርጂ ውስጥ፣ ዙሪያችን ሁሉ ፎቅ ሲበቅል እኛ ሁለታችን ብቻ ቆርቆሮ አጥራችንን ይዘን ቀርተናል። ሃያ ስድስት ዓመት! ጠዋት ስትነሳ ቆርቆሮውን ሁለቴ ታንኳኳለች። ነቃሽ ወይ ማለቷ ነው። እኔም ሁለቴ እመልስላታለሁ፣ አልሞትኩም ማለቴ ነው። የመቀሌ ሰው ናት፤ ስትናደድ በትግርኛ ነው የምትናደደው፣ እኔም ከትግርኛ ስድቡን ብቻ ለይቼ አውቃለሁ።

ባሏ ገብረሃንስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጢማም። አንድ ጊዜ ለሥራ ሮም ሄዶ ሲመለስ፣ አለም ሽቶ ስትጠብቅ፣ ከሻንጣው አንድ ካልሲ አወጣ። ካልሲው ውስጥ ዝንጅብል የመሰለ ሥር። አለም ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው፤ እኔም ለሰፈሩ ሁሉ "ከሮም ዝንጅብል አመጣላት" እያልኩ ሳምንት ሙሉ ሳቅኩ።

ሁለት ክረምት አልፎ በመጋቢት ያ ዝንጅብል አበበ። ግንዱ ወገቤ ድረስ። ነጭ ስላችሁ፣ ታጥቦ እንደተሰጣ ነጠላ ነጭ። ሦስቱ ቅጠሉ ወደ ላይ ተነስቶ ጫፍ ለጫፍ ይገጥማል፣ ሦስቱ ወደ ታች ይወድቃል፣ በወደቁት ላይ ደግሞ ቢጫ ጢም አለ። የእውነት ጢም፤ ብትነኩት ይኮሰኩሳችኋል። ገብረሃንስ ጎንበስ ብሎ ጢሙን ከጢሙ እያስጠጋ "ይሄ ነው ልጄ፣ ቁርጥ እኔን" ይል ነበር።

ሲሞትም በመጋቢት ነው የሞተው፣ አበባው ፈክቶ ሳለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አለም የመጀመሪያዋን ዘለላ ቆርጣ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን፣ መቃብሩ ላይ ታኖራለች። ያ የጦርነቱ ጊዜ፣ የመቀሌ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ እዚያ ያለችውን የልጇን የዊንታን ድምፅ ባጣችበት ጊዜ፣ ከዚያ አበባ ሥር ተንበርክካ አረም ስትነቅል ነበር የምትውለው። እኔ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጬ ስለሰፈሩ ሰው እየዋሸሁ አስቃት ነበር። አበባው ለሷ ምን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ነው ነገሩ የሚብሰው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መግቢያ ላይ ዊንታ ልትወልድ ስትል አለም ልጇን ልታርስ መቀሌ ሄደች። ቁልፉን ስትሰጠኝ እጄን ይዛ አለቅም አለች።

"ብሩክታይት፣ አበባውን ምንም እንዳታደርጊው።"

"ውሃስ?"

"ክረምት ነው፣ ሰማይ ያጠጣዋል። እንደውም ይበዛበታል።"

"አፈርስ?"

"አፈር እንዳታለብሺው! ጀርባው ፀሐይ ይፈልጋል። ገብረሃንስ እንደሱ ነው ያለው። የደረቀ ቅጠል ካየሽ ብቻ ልቀሚለት። አደራ።"

"እሺ።"

"አደራ አልኩሽ እኮ።"

"ሰማሁሽ፣ ደንቆሮ ነኝ እንዴ!"

ሰምቻለሁ። መስማት አልነበረም የቸገረኝ።

እኔ መንዝ ድንች ስኮተኩት ያደግሁ ሰው ነኝ። እኛ አገር ድንቿን አፈር ያላስታቀፈች ሴት ስሟ አይነሳም። ሥር ውጭ ከታየ እንደተገለጠ ጭን ነው፣ ነውር ነው። እንግዲህ ከሐምሌ አቦ ጀምሮ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን በሩን ከፍቼ ብገባ፣ እነዚያ ሥሮች እርስ በርሳቸው ተደራርበው፣ ራቁታቸውን፣ ጀርባቸውን ዝናብ እየደበደበው። አንጀቴን በሉኝ። አለም ሄዳለች፣ ገብረሃንስ ሞቷል፣ ማን ያልብሳቸው? ደግሞ መካኒክ ስለ ተክል ምን ያውቃል?

መኮትኮቻዬን አመጣሁ። አፈሩን ከግራም ከቀኝም ሰብስቤ፣ እንደ ድንች አድርጌ እስከ አንገታቸው አስታቀፍኳቸው። ከሰፈራችን ዶሮ አርቢ ከአብዱራሕማን ቤት አንድ ባልዲ ኩስ፣ ገና ትኩሱን፣ ለምኜ ከላይ ደፋሁበት። ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። እንደውም ዘፍኛለሁ።

በሳምንቱ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወፈረ። "አየህ ገብረሃንስ" አልኩት። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንዷ ቅጠል ቢጫ ሆነች። ልልቀማት ብዬ ሳብ ባደርግ መላው የቅጠሉ ዘለላ እጄ ላይ መጣ። ያለ ሥር። ሽታው ከምድጃ ሥር የሞተ አይጥ ነው። በጣቴ አፈሩን ብገልጥ ጣቴ ሥሩ ውስጥ ሰጠመ፣ እንደበሰበሰ ሙዝ። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ሦስተኛውን። ሁሉም ውሃ ሆኗል። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቆጠራ ጀመርኩ። ዊንታ አልወለደችም። ሴት ከወለደች ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነው፣ አለም እስከ ጥቅምት አትመጣም። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን ብቻ። ጊዮርጊስ ሄጄ ጧፍ ለኮስኩና "ጌታዬ፣ ለዊንታ ሴት ልጅ ስጣት" አልኩት። ለዊንታ ብዬ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል።

በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ከጀርባ እልልታ ይሰማል።

"ብሩክታይት! ወንድ! ወንድ ልጅ!"

"ወንድ?" አልኩ።

"ምነው ድምፅሽ?"

"ደስታ ነው። ደስታ ሲይዘኝ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ።"

"ክርስትናውን አስነስቼ ለእንቁጣጣሽ እደርሳለሁ። አበባዬስ?"

"አበባሽማ... አለ።"

"ዮሃና ስትመጣ በቪዲዮ ደውሉልኝ፣ ልየው።"

ዮሃና የልጅ ልጄ ናት፤ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ እጅጌ ስትሰፋ የምትውል፣ ከኔ ጋር የምትኖር። ማታ ስትገባ ነገርኳት። ጭቃውን አሳየኋት። አፍንጫዋን ያዘች።

"እምዬ፣ ይሄ ነገር ሲሪየስ ነው። ሶሪ በያትና ይለቅ።"

"ሶሪ ለተረገጠ እግር ነው" አልኳት።

እሁድ ራሷ አለም ደወለች፣ በቪዲዮ። ሕፃኑን አሳየችን፣ ቀይ፣ የተጨማደደ፣ ቁርጥ ገብረሃንስ። ከዚያ "በሉ ጊቢዬ ግቡ" አለች። ገባን። ዮሃና ስልኩን ስታዞር አውራ ጣቴን ካሜራው ላይ ለጠፍኩ።

"ጨለመብኝ!" አለች አለም።

"ደመና ነው። እዚህ ክረምቱ ከብዷል።"

"ቀይ ደመና?"

"ኔትወርኩ ነው እማማ አለም!" ብላ ዮሃና ዘጋችው። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ሰኞ አንዱን የበሰበሰ ሥር በፌስታል ቋጥሬ ዋቅቶላ ጋ ሄድኩ። ዋቅቶላ ከቀለበት መንገዱ ጥግ ችግኝ የሚሸጥ የለገጣፎ ሰው ነው፣ ጎልማሳ፣ ለኔ እንደ አያቱ "አኮ" እያለ ነው የሚያወራኝ። ፌስታሉን ከፍቶ ፊቱን መለሰ።

"አኮ፣ ይሄን ማነው የቀበረው?"

"ጎረቤቴ።"

"ድንች መስሏት ነው?"

"ደደብ ናት" አልኩ። ምን ልበል?

"ይሄ እኮ አይሪስ ነው። አዞ ውሃ ላይ ሲተኛ በቴሌቪዥን አላዩም? ሆዱ ውስጥ፣ ጀርባው ውጭ። ይሄም እንደሱ ነው። ከታች ክር ክር ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ጀርባው ፀሐይ ይሞቃል። ካለበሱት ይታፈናል። ትኩስ ኩስ ደግሞ ጨረሰው።"

"ኩስ እንዳደረገችበት በምን አወቅህ?"

"ይሸታላ አኮ።"

ቢላውን አወጣና የላመውን እየቆረጠ ጣለ፣ ጣለ፣ ጣለ። መጨረሻ ላይ አንዲት የአውራ ጣት የምታህል ጠንካራ ቁራጭ ቀረች። አንዲት አረንጓዴ ዓይን አላት። "አመድ ይነስንሱባት። ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ ትድረቅ። ከዚያ አሸዋ ያለበት አፈር ላይ ያስተኟት፣ ጀርባዋን ሳይሸፍኑ። ልትይዝ ትችላለች። ግን ለማበብ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ነው።"

"እኔ ያለኝ አርባ ቀን አይሞላም!"

"የምን አርባ ቀን?"

"የክርስትና።"

ራሱን አከከ። ግራ ገባው። ከኋላ ሄዶ አራት ሥር ይዞ መጣ፤ ቅጠላቸው በመቀስ አጥሮ እንደ ማራገቢያ ተከርክሟል። "ሲተከል እንዲህ ነው፣ ንፋስ እንዳይገነድሰው። በስድስት ሳምንት ሥር ይይዛል።"

"ነጭ ነው?"

"ነጭ ነው።"

"ማልልኝ።"

"አኮ፣ ነጭ ነው አልኩዎት እኮ!"

አልማለም። ያኔ ነበር መጠርጠር።

የበሰበሰውን አፈር አንስቼ ጣልኩ፣ አዲስ አፈር ከአሸዋ ጋር ደባልቄ ከፍ አድርጌ ደለደልኩ፣ አራቱን አዞዎች ጀርባቸውን ወደ ፀሐይ አስተኛሁ። ያቺን አውራ ጣት ደግሞ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ ቂጡን በስቼ፣ የኔ በረንዳ ላይ፣ ከከሰል ጆንያው ኋላ ደበቅኳት። ለምን እንደደበቅኳት እንጃ። መጣል አልቻልኩም።

አለም ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገባች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስገባ ወደ አበባው ሄደች። እኔ ከኋላዋ።

"ቅጠሉ ምን ሆኖ ነው?"

"በረዶ" አልኩ። "በረዶ መታው። ያን ዕለት ብታዪ፣ ይሄን የሚያህል!"

ጎንበስ ብላ አየችው። ሁሉም እኩል፣ ወጥ ሆኖ የተከረከመ።

"በረዶ እንዲህ ለክቶ ይቆርጣል?"

"የቦሌ በረዶ ነዋ!"

አንዴ ቅጠሉን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ አንድ ጣሳ ነጭ ማር አወጣችና "ይሄ ያንቺ ነው፣ አደራዬን ስለጠበቅሽ" አለችኝ። ያን ማር እስከ ዛሬ አልቀመስኩትም። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል።

ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። በየቀኑ ቆርቆሮው ሁለቴ ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። አራቱ አዞዎች ያዙ፣ ቅጠል አወጡ። አውራ ጣቷም በጀሪካኗ ውስጥ አንዲት ቅጠል፣ ከዚያ ሁለት አወጣች፤ ውሃ በወር አንድ ጊዜ በጣሳ ክዳን ጠብ ሲል ብቻ። እጄን እያሰርኩ ማለት ነው። ሰው ማማት እንኳ አስጠላኝ። የጎረቤታችን የቂርቆስ ሚስት ሻንጣዋን ይዛ ወጥታ እኔ ከሦስት ቀን በኋላ ከኑሪ ሰማሁ! እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

የካቲት ማብቂያ ላይ ከአራቱ አንዱ ግንድ አወጣ።

አለም ሕፃን ያየች ይመስል አጨበጨበች። "የገብረሃንስን አምስተኛ ሙት ዓመት ጠበቀው! ለመጋቢት አሥራ ዘጠኝ ይደርሳል!" አለች። እኔ በየጠዋቱ እምቡጡን አያለሁ። አረንጓዴ። አረንጓዴ። አንድ ቀን ሽፋኑ ሳሳ፣ ከጫፉ የሆነ ነገር ብቅ አለ። ጠቆር ያለ ነው። መነጽሬን ጠርጌ አየሁ። ጠቁሯል።

ዋቅቶላ ጋ በረርኩ።

"ሲፈካ ይነጣል እንዴ?" አልኩት።

"ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

"የጳጳስ ካባ።"

"አኮ፣ እኔ ከጓደኛዬ ነው የተቀበልኩት፤ ነጭ ነው ብሎኝ..." አለ። ያልጨረሰውን ዓረፍተ ነገር እዚያው ትቼለት ተመለስኩ።

በማግስቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አለም ሳትነሳ፣ መቀስ ይዤ ገባሁ። እቆርጠዋለሁ፣ ወፍ በላው እላለሁ ብዬ ነው። ግንዱን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነው፣ ጤዛ ይዟል። እምቡጡ ሌሊቱን ከፈት ብሎ ሐምራዊው በደንብ ታይቷል፣ ከሥሩም ያቺ ቢጫ ጢም። ጢሟ ገደለችኝ። በረዶ አልኩ፣ ደመና አልኩ፣ አሁን ደግሞ ወፍ? እጄ እምቢ አለ።

"ብሩክታይት።"

አለም በሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች።

"መቀሱ ምንድነው?"

በአጥሩ በር ወጥቼ፣ ከከሰል ጆንያው ኋላ ጀሪካኗን አንስቼ፣ ይዤ ተመለስኩ። እግሯ ሥር አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ድንቹን፣ ኩሱን፣ አውራ ጣቴን፣ በረዶውን። ጧፉን እንኳ አልደበቅሁም። "ከገብረሃንስ አበባ የቀረችው ይቺ ናት" አልኩ።

"ወይለይ" አለችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መሳደብ ትጀምራለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር፣ ያውም በአማርኛ።

"እኔ ገብረሃንስን አንዴ ነው የቀበርኩት። አንቺ ደገምሽው።"

ገብታ በሩን ዘጋችው። ጀሪካኗን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ቆርቆሮው ዝም አለ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሰባት ቀን። ሰው ሁለት ኳኳታ ሲቀርበት ይሄን ያህል ይጎድልበታል ብላችሁ ታምናላችሁ? ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን ቀስሬ እጠብቃለሁ፤ የሚሰማው የቀለበት መንገዱ መኪና ብቻ ነው። እኔ ቀድሜ ላንኳኳ እጄን አነሳና አወርደዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ባልዲ ኩስ አለቀ አልኩ።

መጋቢት አሥራ ዘጠኝ ሙት ዓመቱ ነው። ልሂድ? አልሂድ? ዮሃና ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና "እምዬ፣ ካልሄድሽ ለዘላለም አትሄጂም" አለችኝ። ሄድኩ፤ ከሁሉ ኋላ። አለም መቃብሩ ላይ ያን ሐምራዊ አበባ አኖረች። ሰው ተያየ። ከጸሎቱ በኋላ ጊቢዋ ውስጥ ለዝክሩ እንደተቀመጥን የቂርቆስ እናት አላስችል አላት።

"አለምዬ፣ ያ አበባ ነጭ አልነበረም እንዴ?"

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ሳጥን ለስላሳ ተሸክሞ የገባው ኑሪ እንኳ ሳጥኑን ሳያወርድ ቆመ። አለም በስንት ቀኗ ወደኔ ዞረች።

"ብሩክታይት ታውቃለች" አለች። "ትንገራችሁ።"

እኔ ስንቱን ሰው እዚያ ጊቢ ውስጥ በሌለበት አንስቼ ጥያለሁ። አሁን ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። ተናገርኩ። ከድንቹ ጀመርኩ፤ ዶሮ ቤቱ ጋ ስደርስ አንዲቱ ሳቅ አመለጣት፤ አውራ ጣቴ ጋ ስደርስ ሦስት ሆኑ። በረዶው ጋ ስደርስ አለምን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ አቆምኩ።

"'የቦሌ በረዶ ነዋ' አለችኝ እኮ!" ብላ ጮኸች። "በመቀስ የተቆረጠውን! ፊቴ ቆማ!" እየሳቀች ነበር። እያለቀሰችም ነበር። ሁለቱንም።

ሰው ሲሸኝ ጀሪካኗን አመጣሁላት። ሦስት ቅጠል ሆናለች። አለም ጣቷን በቁራጯ ባዶ ጀርባ ላይ አሳረፈችና ጀሪካኗን ወደኔ ገፋቻት።

"አንቺ ጋ ትቁም።"

"አለም፣ እኔን ታምኛለሽ?"

"አላምንሽም። ለዛ ነው። ሁለት ዓመት ነው ሦስት ዓመት ያለው ሰውዬሽ? እስኪያብብ መሞት የለም፤ አንቺም፣ እኔም። ተግባባን?"

በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮው ሁለቴ ተንኳኳ። ያለ ጫማ ነው ሮጬ የመለስኩት።

ይኸው አሁን ሰኔ ነው። ጀሪካኗ በረንዳው ጫፍ ላይ ናት፣ ዝናቡም ያቺን ቁራጭ ባዶ ጀርባዋን እየደበደባት ነው። በልቤ መኮትኮቻው የት እንዳለ አውቃለሁ። ትንሽ አፈር፣ አንድ እፍኝ ብቻ፣ ማን ያያል? ዝናቡ እየበረታ ሄደ። ቆርቆሮው ተንኳኳ።

"ብሩክታይት! እጅሽ የት ነው?"

"መቀመጫዬ ሥር!" አልኩ።

እውነቴን ነው። ሁለቱንም ተቀምጬባቸዋለሁ።